በቅበላ ደብዳቤና በመጀመሪያው የትምህርት ቀን መካከል፦ የውጭ አገር ተማሪ መንገድ የት ይሰናከላል፣ እንዴትስ ይቃናል?

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ የውጭ አገር ተማሪ የቅበላ ደብዳቤ ሲልክ፣ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ትልቁ ሥራ የተጠናቀቀ ይመስላል። በተማሪው ቤት ግን ሥራው የሚጀምረው በዚያው ዕለት ነው። ሰነድ ማረጋገጥና ማስተርጎም፣ የመቀመጫ ማስያዣ ገንዘብ መክፈል፣ የመግቢያ ቪዛ መጠበቅ፣ የመኝታ ክፍል መያዝ፣ ትኬት መቁረጥ፣ ከደረሱም በኋላ የጤና ምርመራ ማድረግ፣ ለመታወቂያ አሻራ መስጠት፣ የባንክ ሂሳብ መክፈትና የትምህርት ዓይነቶችን መመዝገብ ሁሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መከናወን አለባቸው። ተማሪው የሚያየው አንድ መንገድ ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲው በኩል ግን መንገዱ ለቅበላ ክፍል፣ ለሬጅስትራር፣ ለፋይናንስ፣ ለቪዛ ጉዳዮች፣ ለመኖሪያና ለተማሪዎች አገልግሎት ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ድርሻ በሚገባ ሊወጣ ይችላል፤ ተማሪው የሚጠፋው አንዱ ቢሮ ለሌላው በሚያስረክብበት ቦታ ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት ‹‹የተማሪ ጉዞ›› የሚለው አነጋገር በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች አስተዳደር ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አገልግሎቱን በቢሮዎች አወቃቀር ሳይሆን ተማሪው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ማደራጀት ማለት ነው። ከአገራቸው ውጭ የሚማሩ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ቁጥር በ2022 ወደ 7 ሚሊዮን እንደተጠጋ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መረጃ ያሳያል። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስም የራሷን ወጣቶች ከምታስተምርባቸው ተቋማት ባሻገር፣ የውጭ ተማሪዎችን ከሚቀበሉ አገሮች አንዷ ሆናለች። የመጀመሪያው ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1976 በአል ዓይን ተመሠረተ። በ1997 የሻርጃ ዩኒቨርሲቲና የሻርጃ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተመሠረቱ፤ በ2007 በዱባይ ዓለም አቀፍ የአካዳሚክ ከተማ ተቋቋመ፤ በ2010 ደግሞ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በአቡ ዳቢ ማስተማር ጀመረ።

ሁለት ዓይነት ‹‹የውጭ ተማሪ››

በኤምሬትስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጉዳዩን ከሁለት አቅጣጫ ያውቁታል። አንዱ ተማሪ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከሐዋሳ ተነሥቶ የሚመጣ ነው። ሌላው እዚሁ ተወልዶ፣ በሻርጃ ወይም በአቡ ዳቢ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የአረብኛ ቋንቋን እንደ አገሩ ልጅ የሚናገር ነው። ይህ ሁለተኛው በሕይወቱ አገር ባይለውጥም፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለያዘ በሬጅስትራሩ መዝገብ የውጭ ተማሪ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው። የመግቢያ ቪዛ ስለማያስፈልገው የቪዛ ክፍሉ አያየውም፤ በአቀባበል ሳምንት ላይም ‹‹እዚህ አድጓል፣ ሁሉን ያውቃል›› ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ኢቃማው በአባቱ ወይም በእናቱ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመግቢያና የመኖሪያ ደንብ መሠረት ወላጅ ወንድ ልጁን እስከ 25 ዓመቱ ድረስ በራሱ ስፖንሰርነት ማኖር ይችላል፤ ቀደም ሲል ገደቡ 18 ዓመት ነበር። ያላገባች ሴት ልጅ ደግሞ የዕድሜ ገደብ የለባትም። ለዚህ ግን ወላጁ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። ወላጁ ሥራ ሲቀይር፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወይም ወደ አገር ቤት ሲመለስ የልጁ መኖሪያ ፈቃድም አብሮ ይናጋል። ልጁ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በፈተና መካከል ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው አለ። ዩኒቨርሲቲ ራሱ ስፖንሰር ሆኖ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል፣ በየዓመቱም የሚታደስ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ይህ እንዲሆን ተቋሙ ችግሩን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የቅበላ ማመልከቻው ላይ ‹‹የመኖሪያ ፈቃድህ በማን ስፖንሰርነት ነው? መቼስ ያበቃል?›› የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩ፣ መልሱም ወደ ተማሪዎች ጉዳይ ክፍል በራሱ ቢተላለፍ፣ ቀኑ ከመድረሱ ከሦስት ወር በፊት ማስታወሻ መላክ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። ብዙ የተማሪ ጉዞ ማሻሻያዎች እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ በጋዜጣዊ መግለጫ የሚነገርላቸው ግን ትልልቆቹ ሕንፃዎች ናቸው።

ስም፣ ቀን እና ማኅተም

ከኢትዮጵያ በሚመጣው ተማሪ ፋይል ላይ ብዙ ቀናትን የሚበላው ነገር የውጤት ማነስ ወይም የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ስሙ ነው።

የኢትዮጵያውያን አጠራር የራስን ስም፣ የአባትንና የአያትን ስም ተራ በተራ የሚያስከትል ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለውም። በፓስፖርቱ ላይ ‹‹የቤተሰብ ስም›› በሚለው ቦታ የሚገኘው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። የሚገርመው፣ ይህ ሥርዓት ለአረብኛ ተናጋሪ ሠራተኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በአረብ አገሮች የመንግሥት ቅጾች ላይ ‹‹ኢስም ሱላሲ››፣ ማለትም ባለ ሦስት ስም መጠየቅ የተለመደ ነው። እንቅፋቱ የሚመጣው ‹‹የመጀመሪያ ስም›› እና ‹‹የመጨረሻ ስም›› የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ካሉት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ተማሪው አንድ ጊዜ የአያቱን ስም ትቶ፣ ሌላ ጊዜ ጨምሮ ይሞላል፤ ሥርዓቱም ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል።

እናት ስትከፍል ነገሩ ይብሳል። በአቡ ዳቢ የምትሠራ እናት ለልጇ የትምህርት ክፍያ በባንክ ብታስተላልፍ፣ የእርሷ የአባት ስምና የልጇ የአባት ስም አይገናኙም። የፋይናንስ ክፍሉ ገንዘቡን ያገኛል፣ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም፤ ተማሪውም ‹‹ክፍያ አልፈጸምክም›› የሚል ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ዩኒቨርሲቲው ከቅበላው ዕለት ጀምሮ ለእያንዳንዱ አመልካች መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ በክፍያው ላይ ከስም ይልቅ ያን ቁጥር እንዲጻፍ ቢያደርግ ይህ ሁሉ ይቀራል።

የፊደል ጉዳይም አለ። ‹‹ጸሐይ›› የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ‹‹በቀለ››ንም አንዱ በ‹‹ከ›› ድምፅ ፊደል፣ ሌላው በ‹‹ቀ›› ፊደል ይጽፈዋል። አረብኛ የ‹‹ጰ›› እና የ‹‹ፐ›› ድምፅ ስለሌለው ‹‹ጴጥሮስ›› በአረብኛ ሰነድ ላይ ‹‹ቡጥሩስ›› ሆኖ ቢገኝ ተርጓሚው አልተሳሳተም። ዳሩ ግን በትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት፣ በአረብኛው ትርጉም ላይ ሦስተኛ ዓይነት ስም ሲኖር፣ ፋይሉን የሚመረምረው ሠራተኛ መጠራጠሩ አይቀርም። ለተማሪው የሚጠቅመው ምክር አንድ ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ መሠረት ይሁን፤ ተርጓሚውም ትርጉሙን ከመጀመሩ በፊት የፓስፖርቱ ቅጂ ይሰጠው። ለዩኒቨርሲቲውም የሚጠቅመው ነገር አለ፤ ማመልከቻው በሚሞላበት ሰዓት ‹‹ልክ በፓስፖርትዎ እንዳለው›› ብሎ መጠየቅና የሰነድ ልዩነት ሲኖር ስለ ሁለቱ አጻጻፎች አንድነት የትኛውን ማስረጃ እንደሚቀበል አስቀድሞ መግለጽ።

የቀን አቆጣጠሩ ልዩነት ደግሞ ከስሙ የበለጠ አደጋ አለው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1997 ዓ.ም የተወለደ ወጣት በጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር የተወለደው ዲሴምበር 29 ቀን 2004 ነው። የትምህርት ቤቱ ወረቀት 1997 ብሎ ቢተውለት፣ ፋይሉን የሚያይ ሰው ተማሪውን በሰባት ዓመት አርጅቶ ያገኘዋል። በችኮላ ስምንት የሚደምር ጸሐፊም 2005 ብሎ ይጽፍለታል፤ ያኔ የልደት የምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ አይስማሙም። በዚህ ላይ በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በኦገስት 2016 በመሆኑ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ወጣቶች በተወለዱበት ጊዜ ሥርዓቱ አልነበረም። የልደት ሰነዳቸው ከዓመታት በኋላ የወጣ ነው፤ ቀኑ የዘገየው በተማሪው ጥፋት አለመሆኑን የቅበላ ክፍል ቢያውቅ መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ የማኅተሙ ሰንሰለት ይመጣል። ከኢትዮጵያ የሚወጣ የትምህርት ማስረጃ በሚመለከታቸው የትምህርት ተቋማት ከተረጋገጠ በኋላ በኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ በሚገኘው የኤምሬትስ ኤምባሲ፣ በመጨረሻም በኤምሬትስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉ ሊዘለል አይችልም። አንዱን ማኅተም ረስቶ የመጣ ተማሪ ሰነዱን በዘመድ እጅ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ረገድ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩት ስህተት ‹‹የተረጋገጠ ሰነድ ያቅርቡ›› ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር መተዋቸው ነው። ‹‹የተረጋገጠ›› የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ነገር፣ ለአቡ ዳቢ የሬጅስትራር ሠራተኛ ሌላ ነገር ማለት ነው። ለእያንዳንዱ አገር ተማሪ፣ በዚያ አገር ያሉትን መሥሪያ ቤቶች በስማቸውና በተራቸው የሚዘረዝር አንድ ገጽ ማዘጋጀት የአንድ ሠራተኛ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

አገሮችም በዚህ ጉዳይ ላይ እየተቀራረቡ ነው። በአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎችን እርስ በርስ ለመቀበል በ2014 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው፣ በከተማዋም ስም የሚጠራው ስምምነት በዲሴምበር 2019 ተፈጻሚ ሆኗል። በ2019 የጸደቀው ዓለም አቀፉ ስምምነትም ማርች 5 ቀን 2023 በሥራ ላይ ውሏል። የስምምነቶቹ ፍሬ በተማሪው እጅ እስኪገባ ድረስ ግን ማኅተሙ ማኅተም ነው።

የሁለት አገር ቀጠሮ

በኤምሬትስ የዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት በአብዛኛው የሚጀምረው በኦገስት መጨረሻ ነው። የኢትዮጵያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ግን ሁልጊዜ ይህን ቀን አይጠብቅም። የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢዎች ውስጥ የወሰዱት በኦክቶበር 2022 ሲሆን፣ ውጤታቸውን ያወቁት በጃንዋሪ 2023 ነበር። የዚያን ዓመት ተማሪ የኦገስቱን ምዝገባ በራሱ ስንፍና አላጣውም፤ ሁለት አገሮች የተለያየ ቀጠሮ ስለያዙ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ያለው አማራጭ ግልጽ ነው። ወይ የትምህርት ቤት ውጤትን አይቶ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ቅበላ መስጠት፣ ወይ የጃንዋሪውን የመግቢያ ወቅት ለእነዚህ ተማሪዎች በቁም ነገር መክፈት። ሁለተኛው በወረቀት ላይ በብዙ ቦታ አለ፤ ግን በጃንዋሪ የሚገባ ተማሪ የመሠረት ትምህርቶቹ ሳይከፈቱለት፣ መኝታ ክፍሉ ተይዞ፣ የአቀባበል ሳምንቱ አልፎ ይጠብቀዋል። በጃንዋሪ የሚቀበል ተቋም በጃንዋሪም ማስተናገድ አለበት።

የገንዘቡም ቀጠሮ እንዲሁ ነው። የመቀመጫ ማስያዣ ክፍያ ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲከፈል ይጠየቃል። ከኢትዮጵያ በባንክ በኩል የውጭ ምንዛሪ አስፈቅዶ መላክ፣ የምንዛሪ ሥርዓቱ በጁላይ 2024 ከተለወጠ በኋላም ቢሆን፣ የቅበላ ደብዳቤና ደጋፊ ሰነዶችን ይጠይቃል፤ ጊዜም ይወስዳል። ቪዛውን ለመጀመር ክፍያ ይጠየቃል፤ ባንኩ ደግሞ ክፍያውን ለመፍቀድ ከዩኒቨርሲቲው የተሟላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሳምንታት ያልፋሉ። ደብዳቤው ላይ የክፍያው መጠን፣ የባንክ ሂሳቡ ዝርዝርና የተማሪው መለያ ቁጥር በአንድነት ቢሰፍሩ ባንኩ ተጨማሪ ወረቀት ለመጠየቅ ምክንያት አያገኝም።

ሠራተኛው የሚያውቀው ምሳሌ

አገልግሎትን በባለ ጉዳዩ መንገድ ማደራጀት በኤምሬትስ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዚህ ገጽ አንባቢዎችም ምሳሌውን በራሳቸው የሥራ ሕይወት ያውቁታል። መንግሥት በኖቬምበር 2023 የቢሮክራሲን ውጣ ውረድ ለማስቀረት ያወጣው መርሐ ግብር 2,000 የመንግሥት አሠራሮችን ማስወገድን ግብ አድርጎ ነበር። ቀጥሎ በ2024 የተጀመረው ‹‹የሥራ ጥቅል›› የሥራ ፈቃድን፣ ኢቃማን፣ የጤና ምርመራንና የኤምሬትስ መታወቂያን በአንድ ማመልከቻ አዋህዷል። በይፋ እንደተገለጸው 15 የነበሩት ደረጃዎች ወደ 5፣ 16 የነበሩት ሰነዶች ወደ 5፣ 7 የነበሩት የቢሮ ጉብኝቶች ወደ 2፣ 30 የነበሩት የሥራ ቀናት ወደ 5 ዝቅ ብለዋል።

የእነዚህ ቁጥሮች ምሥጢር በፍጥነት የሚሠራ ሠራተኛ መቅጠር አይደለም። ቀድሞ አንዱ መሥሪያ ቤት የጠየቀውን ፓስፖርት ሌላውም ደግሞ ይጠይቅ ነበር፤ ባለ ጉዳዩም በታይፒንግ ቤትና በአገልግሎት ማዕከል መካከል ወረቀት ተሸካሚ ነበር። ጥቅሉ ያንን መመላለስ ከሰውየው ትከሻ ወደ መሥሪያ ቤቶቹ የመረጃ ልውውጥ አዛወረው። ዩኒቨርሲቲም በራሱ ግቢ ውስጥ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ተማሪው ፓስፖርቱን ለቅበላ አንድ ጊዜ ካስገባ፣ የቪዛ ክፍል፣ የመኖሪያ ክፍልና ፋይናንስ እንደገና መጠየቅ አይገባቸውም። ይህን የማይፈጽም ተቋም ለውጭ ተማሪ የቱንም ያህል የሚያምር የአቀባበል ድግስ ቢደግስ ድካሙን አላቀለለለትም።

ከጥቅሉ ቀጥሎ የሚመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ተማሪው ደብዳቤ ካገኘበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያው ሴሚስተር እስኪያልቅ ድረስ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። ያ ሠራተኛ ሁሉን አይሠራም፤ ፋይሉ የት እንደቆመ ግን ያውቃል። ‹‹የቪዛ ክፍልን ጠይቅ›› የሚል መልስ ለተማሪው መልስ አይደለም፤ ጠያቂው ሠራተኛው ራሱ መሆን አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ሰው አለን ይላሉ፤ ሲታይ ግን ለሁለት ሺህ ተማሪ አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ

ቅበላ አግኝተው ትምህርት ሳይጀምሩ የሚቀሩ ተማሪዎች በአሜሪካ ‹‹የበጋ መቅለጥ›› የሚል ስም ወጥቶላቸዋል፤ ቅበላ ያገኘው ተማሪ በበጋው ወራት እንደ በረዶ ቀልጦ ይጠፋል ለማለት ነው። በአትላንታ የሚገኘው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመቀነስ በ2016 በስልክ የጽሑፍ መልእክት ጥያቄዎችን የሚመልስ ሥርዓት አስጀመረ። አዲስ ገቢዎቹ በሰዓቱ ያልሞሉትን ቅጽ፣ ያላቀረቡትን የክትባት ማስረጃ፣ ያልጨረሱትን የብድር ማመልከቻ እያስታወሰ፣ በሌሊትም ቢሆን ለጥያቄያቸው መልስ ይሰጥ ነበር። በመጀመሪያው በጋ ከ200,000 በላይ ምላሾችን የላከ ሲሆን፣ ሳይመጡ የሚቀሩት ተማሪዎች ብዛት ከአንድ አምስተኛ በላይ ቀነሰ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የተጠየቁት አብዛኞቹ ጥያቄዎች ተራ ነበሩ። ተማሪዎቹ የቀሩት መልሱ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን የሚመልስ ሰው በማጣታቸው ነበር።

ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ተማሪ ትምህርቱ የበለጠ ይሠራል። ጥያቄውን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። ከፋዩ በዱባይ የሚሠራ አጎት ወይም በቤሩት የምትሠራ እህት ናት፤ ውሳኔ የሚሰጡት በአገር ቤት ያሉ አባትና እናት ናቸው። እንግሊዝኛ የሚያነበው ተማሪው ብቻ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ስለ ክፍያ ተመላሽ፣ ስለ መኝታ ቤትና ስለ ሴት ተማሪዎች መኖሪያ አጠባበቅ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ወላጆች በሚያነቡት ቋንቋ ቢያቀርብ፣ አማርኛንም ቢጨምር፣ ደላላ ጣልቃ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠብባል። ደላላ የሚኖረው መረጃ በጠፋበት ቦታ ነው፤ ‹‹ቅበላ አስጨርሳለሁ›› ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የሚሸጠው ዩኒቨርሲቲው በነፃ ሊሰጥ የሚችለውን ማብራሪያ ነው።

ከደረሱ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ስለ ትምህርት ከሚነገረው በላይ ስለ ወረቀት ናቸው። በመግቢያ ፈቃድ የገባ ተማሪ የደም ምርመራና የደረት ራጅ ያደርጋል፣ አሻራ ይሰጣል፣ መታወቂያ ይጠብቃል። የኤምሬትስ መታወቂያ ሳይወጣ የባንክ ሂሳብ መክፈት ያስቸግራል፤ ሂሳብ ከሌለ ደግሞ ከቤት የሚላከው ገንዘብ በማን እጅ ይገባል? ይህን የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ አዳዲሶቹን ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት በቡድን በአውቶቡስ ወደ ጤና ምርመራው ማዕከል ይወስዳቸዋል፤ ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንድ በአንድ ከክፍል እየወጡ እንዲሄዱ አያደርግም። ቀኑን ያሳለፈም ቅጣት አለበት፤ ፈቃድ ሳይኖር ለቆዩበት እያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ይቆጠራል።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ተማሪው ካልተነገረው በራሱ ሊያውቀው አይችልም። ከኤምሬትስ ውጭ በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ የቆየ ሰው ኢቃማ ዋጋ ሊያጣ ይችላል፤ በሕመም ወይም በቤተሰብ ሐዘን አንድ ሴሚስተር አቋርጦ ወደ አገር የሚሄድ ተማሪ ከመሄዱ በፊት ይህን መስማት አለበት። እንዲሁም የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለም። በሰዓት የሚከፈል ሥራ ያገኘ ተማሪ ከሰብዓዊ ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ፈቃድ ሳይወጣለት ቢሠራ በሕግ ይጠየቃል፤ ቀጣሪውም እንዲሁ። የትምህርት ዓይነቶችን ቁጥር ከመቀነስ ወይም ሴሚስተር ከማቋረጥ በፊት የቪዛ ክፍሉን ማማከር እንደሚያስፈልግም በአቀባበል ሳምንት በግልጽ መነገር አለበት፤ አስተማሪው የሚፈርምለት ቅጽ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ምን እንደሚያስከትል አስተማሪው ራሱ ላያውቅ ይችላል።

ደንቦቹ ይለወጣሉም። ለምሳሌ ለዓመታት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይጠየቅ የነበረው ኤምሳት የተባለው ፈተና በ2024 መጨረሻ እንዲቀር ተወስኗል። ከሁለት ዓመት በፊት የገባ የጎረቤት ልጅ የሚሰጠው ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ያረጀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስያዣ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ቤተሰቦች ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ተማሪው ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ፣ ስፖንሰሩ ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ወላጅ፣ የቪዛው፣ የጤና መድኅኑና የመታወቂያው ወጪ በትምህርት ክፍያው ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው ነው፣ ከደረሰ በኋላ የሚቀበለው ሰው ማን ነው። መልሱ በቀናት ውስጥ ከመጣ፣ የተማሪው መንገድ በዚያ ተቋም በምን ዓይነት እጅ እንደተያዘ ያመለክታል። ለጥያቄው አራት የተለያዩ ቢሮዎች አራት የተለያየ መልስ ከላኩም እንዲሁ።

የመንገዱ መጨረሻም ሊታሰብበት ይገባል። በኤምሬትስ የተገኘ ዲግሪ በኢትዮጵያ ለሥራ ወይም ለተጨማሪ ትምህርት እንዲያገለግል በኤምሬትስ በኩል ተረጋግጦ፣ በአቡ ዳቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በዱባይ ቆንስላ ማኅተም ተደርጎበት፣ አዲስ አበባ ላይ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለአቻ ግምት ይቀርባል። ተማሪው ኢቃማው ሳያልቅ፣ መታወቂያው በእጁ እያለ ይህን ቢፈጽም የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው፤ አገር ቤት ከገባ በኋላ ግን ውክልና፣ የዘመድ ልመናና የፖስታ ወጪ ይከተለዋል። የምረቃውን ልብስ ለመውሰድ የሚሰለፉት ተማሪዎች በዚያው ሰልፍ ላይ የሰነድ ማረጋገጫ ማመልከቻውንም ቢሞሉ፣ ሬጅስትራሩ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነው።